ነቀምቴን በልጅ እርምጃ

ባለፈው ጥር፣ የመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት እንደገባ፣ የአምስት ዓመት ልጃችንን ይዘን ነቀምቴ ሄድን። ለአራት ቀን ነው የሄድነው። ከመነሳታችን በፊት በነበረው ሳምንት ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ዕቅድ አወጣሁ። የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት፣ የወለጋ ሙዚየም፣ ገበያው፣ የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የአክስቶቼ ቤት። ሰዓቱን ሳይቀር ከየቦታው ጎን ጻፍኩ። ባለቤቴ ወረቀቱን አይቶ፣ «ይሄ ለልጅ ነው ወይስ ለጉብኝት ኮሚቴ?» አለኝ። ቀልዱ አልገባኝም ነበር፤ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ ናት። እናቴም ዛሬ ድረስ እዚያው ትኖራለች። ልጄ ግን ከተማዋን በእግሯ ረግጣት አታውቅም ነበር። «እንዴት እስከዛሬ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ትንሿ የተወለደችው በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። በዚያን ወቅት በወለጋ ብዙ ቦታዎች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ነቀምቴ ላይ ድምፃችንን ለመስማት ብንችልም ፎቶ መላክ አልቻልንም። እናቴ የልጅ ልጇን መልክ ያየችው ፎቶውን አሳጥበን በአንድ ሾፌር እጅ ከላክንላት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲያሰጋ፣ «ዘንድሮ» እያልን «ለከርሞ» ስንል አምስት ዓመት ሄደ። እናቴ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ መጥታለች፤ የመጨረሻው ትንሿ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። ስለዚህ ልጄ አያቷን የምታውቃት እሁድ እሁድ በስልክ መስኮት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እናቴ አማርኛ ትሰማለች፣ ገበያም ትገበያይበታለች። የልቧን የምታወራው ግን በአፋን ኦሮሞ ነው። ልጄ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም። እኔና ባለቤቴ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው፤ «ስታድግ ትማራለች» እያልኩ ሳስተላልፈው ቆየሁ። የእሁዱ የስልክ ወሬያቸው «በላሽ?» «አዎ።» «ተኛሽ?» «አዎ።» ነው። ከዚያ ትንሿ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኝና ትሮጣለች።

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሳታችን በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ስለ መንገዱ ከቤተሰብም በመስመሩ ከሚመላለሱ ሾፌሮችም ጠየቅን፤ በማለዳ ተነስተን በቀን ብርሃን ለመግባት ወሰንን። ትንሽ ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ደግነቱ መንገዱ ማረፊያ አያጣም። ሆለታን፣ ጊንጪን አልፈን አምቦ ላይ ቁርስ በላን። ጉደርን አልፈን ሽቅብ ወደ ጌዶ ወጣን፤ እዚያ ብርዱ ሹራብ ያስለብሳል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ባኮ ስንወርድ ሙቀቱ ሹራቡን ያስወልቃል። ትንሿ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መልበስና ማውለቅ ገርሟት፣ «ስንት ሀገር ነው ያለፍነው?» አለች። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ቆመን አሯሯጥናት። ፖፖዋን፣ እርጥብ ፎጣ፣ ሙዝና ቆሎ ከእግራችን ሥር አድርገን ነበር፤ ይህን ሻንጣ ውስጥ የቀበረ ሰው መንገድ ላይ ይቀጣል።

ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። እኔ ለአምስት ዓመት ያለምኩት ትንሿ ሮጣ ስትጠመጠምባት ነበር። ልጄ ግን ከአባቷ እግር ጀርባ ተደበቀች። በስልኩ መስኮት መዳፍ የምታክለው አያት እዚህ ረጅም ናት፣ ጠረን አላት፣ ድምጿም ይበረታል። «ሳሚያት እንጂ! አኮ እኮ ናት!» ብዬ ልገፋት ስል እናቴ በእጇ ከለከለችኝ። «ተያት። እሷ ትመጣለች» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። አኮ በእኛ አካባቢ አያት ማለት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ዕቅዴን ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ።

የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች መኖሪያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤቶችን የያዘ ቅርስ ነው። ከሞሮዳ በከሬ ቀጥሎ የገዙት ልጃቸው ኩምሳ ክርስትና ሲነሱ ገብረ እግዚአብሔር ተብለዋል፤ በታሪክ መጻሕፍትም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር እየተባሉ ይገኛሉ። ይህን ሁሉ ለልጄ ልነግራት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ነገርኳትም። እሷ ግን ሣሩ ላይ ጉንዳን አግኝታ ተቀምጣለች። «ተነሽ፣ እዚህ ቤት እንግባ» አልኳት፤ አልሰማችኝም። ሁለተኛው ቤት ጋ ስንደርስ ራበኝ አለች። ሦስተኛው ጋ አለቀሰች። እኔም ሰው ባለበት ጮህኩባት። ወደ ሙዚየሙ ስንደርስ ለምሳ ተዘግቷል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ባለቤቴ ዝም ብሏል፣ ትንሿ በባጃጅ ውስጥ እያለቀሰች ተኛች። በነቀምቴ የመጀመሪያ ቀኗ ይህ ነበር።

ማታ እናቴ ቡና እያፈላች፣ «ዛሬ ምን አየች?» ብላ ጠየቀችኝ። ቤተ መንግሥቱን አልኳት። «እሷ ወይስ አንቺ?» አለች። ዝም አልኩ። «ይቺ ልጅ ከተማው ምኗም አይደለም ገና» አለችኝ፤ «እንግዳ ናት። እንግዳ መጀመሪያ ሰው ነው የሚያውቀው፤ ቤት በኋላ ነው። ነገ ለእኔ ተያት።» ወረቀቴን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በሁለተኛው ቀን እናቴ ትንሿን ይዛ ገበያ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳቸው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። የአምስት ዓመት ልጅም ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ አንዱን ድንጋይ ሳታነሳ፣ አንዱን ውሻ ሳትጠራ አታልፍም። እኔ ሁልጊዜ ከሁለቱም እቀድም ነበር። ሁለቱ ግን እኩል ናቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለውን ተረት ያን ዕለት በዓይኔ አየሁት።

እናቴ ለትንሿ ሥራ ሰጠቻት። ትንሽ ዘንቢል አስያዘቻትና፣ «አንቺ ነሽ ተሸካሚዬ» አለቻት። ቅቤ ተራ ጋ ቆመን እናቴ ከየቅሉ እያሸተተች መረጠች፤ ለትንሿም አሸተተቻት። በመጀመሪያው አፍንጫዋን ያዘች፣ በሁለተኛው ሳቀች፣ በሦስተኛው «ይሄ ይሻላል» አለች። ቡና ተራ ጋ እናቴ ጥሬ ቡና በእፍኝዋ ሰጠቻትና እንድትቆጥር ነገረቻት። የወለጋ ቡና ፍሬው ትልልቅ ነው፤ ለትንሽ ጣት ይመቻል። ይህ ቡና በውጭ ገበያ «ለቀምት» በሚል ስም ይታወቃል። ለቀምት የነቀምቴ የቀድሞ አጠራር ነው፤ ከጊምቢና ከሌሎችም የወለጋ ወረዳዎች የሚመጣ ቡና በከተማዋ ስም ዓለምን ይዞራል። እኔ ይህን ሳስረዳ ትንሿ አስራ አራተኛው ፍሬ ላይ ነበረች።

ቃላቱ የመጡትም እዚያው ነው። ውኃ ጠማኝ ስትል አያቷ ዝም ብላ አየቻትና «ቢሻን» አለቻት። «ቢሻን» አለች ትንሿ፤ ውኃው መጣላት። ይህን ስታይ ልጄ አንድ ነገር ገባት፦ ይህ ቃል ይሠራል! አህያ ሲያልፍ «ይሄስ?» አለች። «ሀሬ።» በጉስ? «ሆላ።» ወተቱስ? «አነን።» ቡናው ሲመጣ ግን ተጠራጠረች። «ቡናስ?» «ቡና» አለች እናቴ። «እሱ አማርኛ ነው!» ብላ ተከራከረች ልጄ። እናቴ እስኪያስላት ሳቀች። ቤት ስንደርስ ትንሿ የአያቷን ቀሚስ ይዛ ነበር። መቼ እንደያዘችው አላየሁም።

ምሳ አንጮቴ ነበር። አንጮቴ ከመሬት ሥር የሚወጣ፣ በወለጋ በተለይ የሚታወቅ ምግብ ነው። በመስቀል ሰሞን ነው ይበልጥ የሚወደደው፤ እናቴ ግን «ልጄ ትመጣለች» ብላ ጓሮዋ ውስጥ ሳታወጣው አቆይታው ነበር። ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ከቅመም ቅቤ ጋር ይቀርባል። ለወላድና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው እንደሚሰጥ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ በካልሲየም የበለጸገ መሆኑንም ያጠኑት ሰዎች ይናገራሉ። ትንሿ፣ «ድንች ነው?» አለች። እናቴ፣ «ቅመሺና አንቺ ንገሪኝ» አለቻት። ቀመሰችና ትንሽ አሰበች። «የድንች አያት ነው» አለች። ሚጥሚጣውን ለብቻ አድርገን ለእሷ በቅቤ ብቻ ሰጠናት፤ ሁለት ጊዜ አስደገመች።

ከምሳ በኋላ ተኙ፤ አያትም የልጅ ልጅም። ያን ቀን ከገበያ በቀር የትም አልሄድንም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ቤተ መንግሥቱ ተመለስን። አሁን እናቴም አብራን ናት። «አንድ ቤት ብቻ» ብለን ተስማማን። የሚያስጎበኙት ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ በመጀመሪያው ቀን ልጄ ስታለቅስ ያዩ ናቸው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብለው፣ «ዛሬ እኔ አልናገርም፤ አንቺ ጠይቂኝ» አሏት። ትንሿ አያቷን አየች፣ ከዚያ በሩን አየች። «እዚህ ቤት ልጆች ነበሩ?»

ሰውየው ቀጥ አሉ። «ነበሩ እንጂ» አሉ። የበከሬ ቤተሰብ በየትውልዱ እዚህ ልጆቹን እንዳሳደገ፣ ቤተሰቡም እስከ ደርግ ዘመን ድረስ እዚህ እንደቆየ፣ ከዚያ ግን ለእስር እንደተዳረገና ግቢው ባዶውን እንደቀረ ቀለል አድርገው ነገሯት። «ልጆቹ የት ይጫወቱ ነበር?» «አንቺ ብትሆኚ የት ትጫወቺ ነበር?» ትንሿ ግቢውን በዓይኗ ዞረችና ጉንዳኑን ያገኘችበትን ሣር አሳየቻቸው። ያን ዕለት ጠዋት ስለ ኩምሳ ሞሮዳ እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ልጄ ግን አዲስ አበባ ተመልሳ ለመምህሯ የነገረችው ስለዚያ ቤት ነው፤ «ልጆች የነበሩበት ትልቅ ቤት» ብላ።

ከሰዓት በኋላ ትንሿ ስትተኛ እኔ ብቻዬን የወለጋ ሙዚየም ሄድኩ። የስፌት፣ የእንጨት ሥራ፣ የጥጥ መፍተያ ዕቃ በልጅነቴ በየቤቱ የነበረ ነው፤ አሁን በመስታወት ውስጥ ነው። ከሰባትና ስምንት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ላለው ወላጅ ይህ ሙዚየም ብዙ ወሬ ይከፍታል። ከነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ ላይ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አርበኞች እንዴት በሌሊት እንዳቃጠሏቸው መንገርም ያኔ ይቻላል። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ጦርነቱ ይቆይ፤ ሌላ ታሪክ አለ።

ያን ታሪክ ማታ ለትንሿ የነገርኳት እኔ ነኝ። አስቴር ጋኖ በልጅነታቸው በባርነት ተይዘው ነበር። ባሕር አሻግረው ሊሸጧቸው ሲወስዷቸው እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከብ አስጥሏቸው፣ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከሀገራቸው ይዘው የሄዱት ዕቃ የለም፤ የያዙት ጆሯቸው የሰማውን ተረት፣ ዘፈንና ምሳሌ ነው። እሱን ከትዝታቸው እያወጡ ጻፉት። እንደ እሳቸው በልጅነታቸው ለባርነት ከተሸጡት ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆነው ያዘጋጁት የአፋን ኦሮሞ ማንበቢያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 በግዕዝ ፊደል ታተመ። መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ የተረጎሙትም ሁለቱ በጋራ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ኦነሲሞስ በኋላ ወለጋ ተመልሰው ነቀምቴ ላይ ሲያስተምሩ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፉትም የተቀበሩትም እዚሁ ነው።

ትንሿ፣ «ተረቱን ማን ነገራቸው?» አለች። እኔ «እናታቸው ወይም አያታቸው ይሆናሉ» አልኩ። ከዚያ ዝም አልኩ። አንዲት ልጅ ከቤቷ ተነጥቃ፣ ያን ሁሉ መከራ አልፋ፣ የእናቷን ቋንቋ አልጣለችም። እኔ ማንም ሳይነጥቀኝ፣ በሰላም ቤቴ ተቀምጬ፣ «ስታድግ ትማራለች» እያልኩ ነበር። እናቴ ከጎናችን ጥጥ እየፈተለች ሰምታኛለች። ምንም አላለችም። ትንሿን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ በአፋን ኦሮሞ ተረት ጀመረችላት፤ ስለ ጅብና ስለ አህያ። ትንሿ ከተረቱ የምታውቀው አንድ ቃል «ሀሬ» ነው። ቃሉ በመጣ ቁጥር እጇን ታነሳለች። እስከ መጨረሻው ድረስ ሰማችው።

ከዚህ መንገድ ለወላጆች የምለው ጥቂት ነው። ዘመዶቻችን ከባንኮክም ከኩዋላ ላምፑርም የልጆቻቸውን ፎቶ ይልኩልናል፤ እዚያም ሆነ ነቀምቴ፣ ጎንደርም ሆነ ሐረር፣ ልጅ ከተማ የሚያየው በአንድ መንገድ ነው። በአንድ ቀን አንድ ቦታ ይበቃል፤ እሱም ጠዋት ይሁን። ቀትር የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ቅርሶችና ሙዚየሞች ለምሳ ስለሚዘጉ ቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁ የሚሸከመው፣ የሚቆጥረው፣ የሚመርጠው ነገር ስጡት፤ ተመልካች ብቻ የሆነ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል። ታሪክ ከመንገራችሁ በፊት ጥያቄውን ጠብቁ። እንግዳ አያት ለመሳም አትግፉት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ዕቅዱ የማን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ ነቀምቴን ለልጄ ላሳያት የፈለግሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልጅነቴን በአንድ ጠዋት መልሼ ላየው ነበር የቸኮልኩት።

ለአያቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የልጅ ልጆቻችሁ ከከተማ ሲመጡ፣ «አማርኛዬ ደካማ ነው» ወይም «እነሱ ዘመናዊ ናቸው፣ የእኔን ወሬ ምን ያደርጉታል» ብላችሁ ዝም አትበሉ። በራሳችሁ ቋንቋ አውሯቸው። አንድ ቃል በአንድ ቀን፣ ከሚጨበጥ ነገር ጋር፦ ውኃውን እየሰጣችሁ፣ አህያውን እያሳያችሁ። እኛ ልጆቻችሁ ያጎደልነውን እናንተ በአራት ቀን አትሞሉትም። በሩን ግን ትከፍታላችሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ስንነሳ ትንሿ አያቷን ለመሳም ማንም አልነገራትም። እናቴ ዘንቢሉን ሰጠቻት፤ ውስጡ ቡና፣ ቅቤና ሁለት አንጮቴ አለ። ጌዶ ዳገት ላይ ሹራቧን ሳለብሳት፣ «አኮ ለምን አትመጣም?» አለችኝ። ጉልበቷን እንደሚያማት ነገርኳት። «እንግዲያ እኛ እንምጣ» አለች። መልሱ ቀላል ነው ለእሷ። መንገዱ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ፣ እናቴም በዕድሜ እንድትቆየን ከመመኘት ሌላ እኔ ምን እላለሁ?

አሁን ረቡዕና ቅዳሜ ማታ፣ ከራት በኋላ ለግማሽ ሰዓት፣ ቤታችን ውስጥ በአፋን ኦሮሞ ብቻ ነው የሚወራው። ባለቤቴም ተማሪ ነው፤ ከልጁ ያንሳል። ቋንቋው ገና ሩቅ ነው፤ ትንሿ የምታውቀው ሠላሳ ቃል ቢሆን ነው፣ ዓረፍተ ነገር መሥራት አትችልም። የእሁዱ ስልክ ግን ረዝሟል። ባለፈው እሁድ እናቴ «በላሽ?» ስትላት ትንሿ «አዎ» ብላ ስልኩን አልሰጠችኝም። መስኮት ጋ ሄዳ ውጭ ያለውን አንድ በአንድ ትጠራላት ጀመር። በሰፈራችን አህያ ስትጠፋባት ጊዜ፣ «አኮ፣ ሀሬ የለም» አለቻት።

እናቴም ከነቀምቴ መለሰች፤ «እዚህ አለ። ጠብቆሻል።»